ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል

«ይቺ ስልክ ከኔ ጋር ተጣልታለች» አሉ አጎቴ፣ ስልካቸውን ከዳቦው ሳህን አጠገብ አጋድመው። «ማንበቡን ታስነብበኛለች። ልጻፍ ስል ግን እምቢኝ! እስቲ እዪልኝ ልጄ፣ ያንቺን እጅ ታውቃለች።» ዐይኔን በጨው አጥቤ ስልኩን ተቀበልኳቸው። ስልኩ ከኔ የተሻለ ጤነኛ ነው። ከአርባ ደቂቃ በፊት መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ውሃውን ለይምሰል ለቅቄ፣ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ አጎቴ ግሩፑ ላይ አንዲት ቃል እንዳይጽፉ የዘጋኋቸው እኔው ነኝ። አጠፋሁት፣ መልሼ አበራሁት፣ ግንባሬን ቋጥሬ ጎረጎርኩት፣ በመጨረሻም «ኔትወርክ ነው አጎቴ፣ ከሰዓት በኋላ ይስተካከላል» ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸው ደግሞ አመሰገኑኝ። አመስግነውም አልቀሩ፣ ከራሳቸው እንቁላል ግማሹን ቆርሰው ወደኔ ሳህን አሻገሩት። ሚስታቸው ዳቦዋን እያላመጠች ዝም ብላ ታየን ነበር። አንቱ አላልኳትም ብላችሁ አትቀየሙኝ፤ በስድስት ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠኝ። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ሦስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ከ«ጨው አቀብዪኝ» ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም፤ ጨውንም ቢሆን ብዙ ጊዜ ራሷ ተንጠራርታ ነው የምታነሳው።

እንግዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ አድሚን ነኝ። «ጎረቤት» የሚባል፣ በስልክ ውስጥ ካልሆነ በእጅ የማይጨበጥ ገንዘብ አለ፤ ክሪፕቶ የሚሉት ዓይነት። ሲጀመር የሠፈር ነጋዴ ከነጋዴ ያለ ባንክ የሚበዳደርበት፣ ልብስ ሰፊው ለክር ሻጩ፣ ክር ሻጩ ለፀጉር ሠሪዋ የሚከፍልበት ሊሆን ነበር። እኔ የማስተናብረው ግሩፕ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አለ። የመጀመሪያው አጎቴ ናቸው፤ የተቀረው እሳቸውን አይቶ ነው የገባው። ባለፈው ሰኞ ባለቤቶቹ «አቅጣጫ ቀይረናል» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ከእንግዲህ «ጎረቤት» ብድር ምናምን ቀርቶ፣ በስልክ ዶሮ የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች የሚወራረዱበት የጨዋታ ሳንቲም ይሆናል አሉ። አዎ፣ ዶሮ! የገባው ሰው ሁሉ ገንዘብ ለሦስት ዓመት ይታሰራል። የማይስማማ እስከ ሐሙስ አሥር ሰዓት ግሩፑ ላይ «አይ» ብሎ ይጻፍ፣ ገንዘቡ ይመለስለታል። ከማስታወቂያው ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈችውን ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ የለጠፍኳት፦ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። ሐሙስ ማለት ዛሬ ነው።

አጎቴ ዛሬ ንጋት ላይ፣ ገና ከአልጋቸው ሳይወርዱ፣ አራት መቶ ሰው በተሰበሰበበት ፊት፣ ሳሎናቸው ውስጥ የተቀመጡ ይመስል እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ልጄ እንዴት አደርሽ። እኔ አይ ልበል ወይስ ልተወው? ያው የሱቁ ኪራይ መሆኑን ታውቂያለሽ።» እኔ እዚያው ግድግዳው ማዶ ነበርኩ፤ ሲያስሉ ይሰማኛል። አንዴ ቢያንኳኩ በቃ ነበር። እሳቸው ግን ቁምነገር ያለው ነገር ግሩፑ ላይ ነው የሚጠየቀው ብለው ያምናሉ፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ከቢሮ የተሰጠን ትእዛዝ አጭር ነው፤ የጠየቀ ይዘጋል። «አይ» ያለ በስልክ ይለመናል፣ ያልወሰነ ይደለላል፣ ሰው ፊት የሚጠይቅ ግን ወዲያው ይዘጋል፣ ምክንያቱም ጥያቄ ይዛመታል። የሳቸው ጥያቄ ደግሞ ከማንም በላይ ይዛመታል። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸው ባለበት ሕንፃ ያለ ልብስ ሰፊ በሙሉ እሳቸው ያደረጉትን ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ዘጋኋቸው፣ ጥያቄያቸውንም አጠፋሁት፣ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

የኪራዩን ነገር አላውቅም ብል ውሸቴን ነው። ባለሕንፃው የዓመት ኪራይ በአንዴ ቅድሚያ ካልተከፈለኝ አላሳድስም ብለዋል፤ ቀነ ገደቡ ነገ ዓርብ ጠዋት ነው። ሌላ ተከራይ ቀብድ ይዞ እየተጠባበቀ ነው። አጎቴ የዓመቱን ኪራይ ከአራት ወር በፊት አጠራቅመው ጨርሰው ነበር፤ «ከሚቀመጥ ጎረቤት ውስጥ ይግባና ትንሽ ይውለድ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩበት ሱቅ ነው። እኔ ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ የበላሁት ከዚያ ሱቅ ነው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ እዚያ ነው የተሰፋው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን እኔም ሰው ነኝ እኮ! ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ በቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቶች መሃል ነው የምተኛው፤ ሌሊት ከረጢት ሲናድብኝ ነው የምነቃው። ባለፈው እሑድ አንዲት ክፍል አይቼ መጥቻለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ናት፣ አንድ መስኮት አላት፣ ቧንቧዋ ያንጠባጥባል፣ ኪራይዋ ከደሞዜ ግማሹን ይወስዳል። አከራይዋ «ቋሚ ሠራተኛ ነሽ?» አሉኝ። «ልሆን ነው» አልኳቸው።

ቢሮአችን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ለመኖሪያ የተሠራ ባለ ሦስት ክፍል አፓርታማ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃው ላይ የስልክ ቻርጀር ተደርድሯል። ስምንት አድሚኖች ነን፤ እያንዳንዳችን የየራሳችን ግሩፕ አለን። አለቃችንን ኮፍያው እንለዋለን፤ ኮፍያውን አውልቆ ያየው ሰው የለም፣ ከሥሩ ምን እንዳለ ብዙ ተወራርደናል። ዛሬ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ሰቅሎ የስምንታችንን ስም ደርድሮበታል፤ ከስማችን አጠገብ ግሩፓችን ውስጥ «አይ» ያሉት ሰዎች ቁጥር ይነበባል። አሥር ሰዓት ላይ ትንሹ ቁጥር ያለው ሰው ቋሚ ይሆናል። የሰባታችን ውል በወሩ መጨረሻ ያበቃል። «እምነት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለን እጁን ኪሱ ከትቶ። «ሰው መጠየቅ ሲያቆም ነው። ኮዱን ፕሮግራመር ይቀይረዋል፣ አቅጣጫውን ባለቤቶቹ ይቀይሩታል፣ እምነቱን የምትጠብቁት ግን እናንተ ናችሁ።» አጠገቤ የተቀመጠው ረጅሙ የሚባለው ልጅ አጨበጨበ፤ አጨብጫቢ ነው ሲፈጥረው። የኔ ቁጥር ሁለት ነበር፣ የሱ ሦስት።

ኮፍያው የኔን ድምፅ ይወደዋል። «አንቺ እኮ እንኳን የዶሮ ጨዋታ፣ እሳት ብትሸጪ ይገዛሻል» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግሩፔ ውስጥ ካሉት ግማሾቹ ረጅም ጽሑፍ አንብበው አይጨርሱም፤ ወይ ዐይናቸው በክርና መርፌ ደክሟል፣ ወይ እጃቸው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስታወቂያውን ሁሉ በድምፄ ነው የማነብላቸው፤ የስፌት መኪናቸው እየጮኸ፣ የፀጉር ማድረቂያው እየነፋ ይሰሙኛል። ዛሬም የውጭ ጩኸት እንዳይገባ ብርድ ልብስ የተቸነከረበት የልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁና ድምፄን ቀዳሁ። «ውድ ጎረቤቶቼ፣ እንዴት አደራችሁ። ዛሬ ብዙ ወሬ ትሰማላችሁ፤ የቸኮለም ይኖራል፣ የሚያስቸኩልም ይኖራል። እኔ ግን የናንተው ልጅ ነኝ፣ የትም አልሄድም። ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም። ሥራችሁን ሥሩ።» አንድም ውሸት የለበትም፤ ምንም ማድረግ አይጠበቅባቸውም ነበር። ወዲያው የልብና የተጣመረ እጅ ምስል ግሩፑ ላይ ይዘንብ ጀመር። አንዲት «የኔ አበባ» የምትባል ሴት፣ ማን እንደሆነች አላውቃትም፣ «ድምፅሽን ስሰማ ልቤ ይረጋል» ብላ ጻፈች።

ሰባት ሰዓት ላይ ኮፍያው ጠራኝ። ልብስ ሰፊዎቹ ሕንፃ ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰው ማስታወቂያውን አንብቦ መልስ ሳይሰጥ እያመነታ ነው፤ ሄደሽ በአካል ተቀመጪ፣ ሻይ ጠጪ፣ ሳቂ አለኝ። የሻዩን ሂሳብ ቢሮው እንደሚችል ነገረኝና ደረሰኝ እንዳልረሳ አስጠነቀቀኝ። በእግሬ ሄድኩ። የሕንፃው ምድር ቤት ረጅም ኮሪደር ነው፤ በቀንም መብራት ካልበራ አይታይም። በግራና በቀኝ ሱቆች ናቸው፣ የካውያ እንፋሎትና የሬዲዮ ድምፅ ተደባልቆ ይወጣል። የሱሪ ማሳጠሪያ ዋጋ ከአርባ ወደ ስልሳ ስለወጣ በየደጃፉ ጭቅጭቅ ነው፤ አንዷ ደንበኛ ሱሪዋን አንጠልጥላ «በስልሳ እግሬን ባስረዝም አይሻለኝም?» እያለች ታልፋለች። አጎቴ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው፣ የአንድ ኮት እጅጌ ይፈታሉ። ሲያዩኝ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ሰኩና ፊታቸው በራ። አቤት ያ ፊት! እንኳን እናቴ፣ ወንድ ጓደኛ ይዤ በነበረበት ጊዜ እንኳ እንደዚያ ፊት የበራልኝ ሰው የለም።

«መጣችልህ!» አሉ ለጎረቤታቸው ለቁልፍ ሠሪው። ቁልፍ ሠሪው የሱቁ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ያገላብጣል፤ ፊቱ ተኮሳትሯል። ፀጉር ሠሪዋም የደንበኛዋን ፀጉር ሳሙና እንደቀባች ትታ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ኮሪደሩ ሞላ። አጎቴ ስልካቸውን አነሱና ነገሩን አስረዱ። ሞባይል ሠሪው ጋ ወስደው አሳይተውት ነበር፤ ስልኩ ጤነኛ ነው፣ ቢሮ ያለ ሰው ነው የዘጋዎት ብሏቸዋል። «ያው አንዱ ልጅ ሳያውቅ ነክቶ ነው እንጂ» ብለው ቀጠሉ፣ «እኔን ማን ሆነ ብሎ ይዘጋኛል? ይቺ ታስከፍትልኛለች።» ሁሉም ወደኔ ዞረ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። የዘጋቸው «ቢሮ ያለ ሰው» እኔው መሆኔን፣ መክፈቻውም አንዲት ነካ የማድረግ ያህል መሆኑን፣ ስልኬ ደግሞ በእጄ መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም።

«እኔ የዶሮ ጨዋታ አልፈልግም» አለ ቁልፍ ሠሪው። «አይ ልጽፍ ነው።»

«መብትህ ነው ወንድሜ፣ ጻፍ» አልኩት ሳቅ ብዬ። ሰውን አትጻፍ ማለት ጀማሪ አድሚን ነው የሚሠራው ስህተት። «ብቻ የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም፤ በኋላ ሲያድግ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ።» ቁልፍ ሠሪው አመነታ፤ ቀና ብሎም አጎቴን አያቸው። ሁሉም አያቸው። እሳቸው ሜትራቸውን እያጠቀለሉ፣ «እኔ እንግዲህ የሷን አፍ ነው የማየው» አሉ። «ከቤቴ ያደገች ልጅ ናት። ለኔ ያልሆነች ለማን ትሆናለች?» ቁልፍ ሠሪው እንደገና ስልኩን አየ። አልጻፈም፣ ኪሱም አልከተተውም። እኔ ሻይ አዘዝኩ፤ አንዱ ብርጭቆ ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ወጥቷል። ለሠላሳ ምናምን ሰው አዘዝኩና ደረሰኝ ጠየቅኩ፤ ሻይ አፍዪዋ በሳቅ ሞተች።

ሰው ወደ ሥራው ሲበተን አጎቴ ክንዴን ይዘው ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ወሰዱኝ፤ የተሰበሩ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች እጃቸው ተቆርጦ የቆሙበት ጥግ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው» አሉኝ። «ባለሕንፃው ነገ ጠዋት ነው ያሉኝ። እኔ ከዚህ ወንበር ተነስቼ የት እሄዳለሁ ልጄ? በዚህ ዐይኔ ማን ይቀጥረኛል? እውነቱን ንገሪኝ፣ አይ ልበል?» እንባ አልነበረባቸውም። እንባ ቢኖርባቸው ይቀለኝ ነበር። የሚጠይቁኝ ሐኪም እንደሚጠየቀው ነው፤ የተባሉትን ሊያደርጉ ተዘጋጅተው። «ቢሮ ደውዬ ልጠይቅ» ብያቸው ደረጃው ሥር ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይላል። ግሩፑን ከፈትኩ፣ ስማቸውን አወጣሁ፣ አውራ ጣቴን «ክፈት» የምትለው ላይ አደረግኩ። ብከፍታቸው «አይ» ይላሉ። እሳቸው አይ ካሉ ቁልፍ ሠሪው ይከተላል፣ ፀጉር ሠሪዋ ትከተላለች፣ ሠላሳ አንዱም ያለ ጥርጥር ይከተላል። ረጅሙ ቋሚ ይሆናል። እኔ ወደ ከረጢቶቼ እመለሳለሁ። ጣቴን አነሳሁና ኮፍያው ጋ ደወልኩ።

ለመንኩት፤ እንዲህ ለምኜ አላውቅም። የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ መልስልኝ፣ የአጎቴን ብቻ፣ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው አልኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ በጣም ደግ በሆነ ድምፅ እንዲህ አለኝ፦ «ምን ችግር አለ? ያንቺ ሰው የኛም ሰው ነው። የሳቸውን ድምፅ ቀድተሽ ግሩፑ ላይ ልቀቂልኝ። እቆያለሁ ይበሉ። ገንዘባቸውን ማታውኑ በጎን እንመልስላቸዋለን፣ ማንም አያውቅም።» እፎይ አልኩ። እንዲያውም በደስታ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ ኪራያቸውን ያገኛሉ፣ እኔ ቋሚ እሆናለሁ፣ ኮሪደሩም አይንቀሳቀስም። ስለተቀሩት ሠላሳ ሰዎች አላሰብኩም ብዬ አልዋሻችሁም፤ አሰብኩ፣ እነሱ ግን ያሳደጉኝ አይደሉም አልኩ በሆዴ።

«እቆያለሁ ልበል?» አሉ አጎቴ ሳስረዳቸው። «የማልቆይ ሆኜ?»

«ፎርማሊቲ ነው አጎቴ። ማታ ገንዘብዎ እጅዎ ይገባል።»

«እነዚህስ?» ብለው ኮሪደሩን በአገጫቸው አሳዩኝ። እነሱም በየተራ ይመለስላቸዋል፣ ሁሉም በአንዴ ከወጣ ነው የሚበላሸው አልኳቸው። ይሄንን ሳልሰናከል ነው ያልኩት። አጎቴ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አስተካከሉ፣ ፎቶ የሚነሱ ይመስል። ስልኬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። «እንዴት ዋላችሁ ጎረቤቶቼ» አሉ። «እኔ እቆያለሁ።» በቃ ይሄ ይበቃ ነበር፤ ልቆርጠው ጣቴን ሳዘጋጅ እሳቸው ቀጠሉ። «የምቆየው ስለ ዶሮው ገብቶኝ አይደለም። ልጄን ስለማምን ነው። እሷን ደግሞ እኔ አውቃታለሁ። እናንተም አትጨነቁ።» ማን ጨምሩበት አላቸው? ለቀቅኩት። ትንሽ ቆይቶ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ግራና ቀኝ፣ ከሠላሳ ስልክ፣ እየተቀዳደመ ይሰማ ጀመር። ቁልፍ ሠሪው ስልኩን ኪሱ ከተተና የቁልፍ መቅረጫውን አስነሳ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። የኔ ሁለት ላይ ቆመ፣ የረጅሙ አምስት ደርሷል። ሁሉም አጨበጨበ፣ ረጅሙም ጭምር፤ ሲያጨበጭብ ዐይኑ ቀልቷል። ኮፍያው የአጎቴን ድምፅ በትልቁ ድምፅ ማጉያ አስደመጠና «ይሄ ነው ማህበረሰብ ማለት!» አለ። ውሉን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው፣ እስክሪብቶም ሰጠኝ። ሌሎቹ ዕቃቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ ጠጋ ብዬ የአጎቴን ገንዘብ ጠየቅኩት። አልተቆጣም፣ ልጅ እንደሚያስረዱ አድርጎ አስረዳኝ። «እሳቸው እኮ በገዛ አንደበታቸው እቆያለሁ ብለዋል። አራት መቶ ሰው ሰምቷል። አሁን ብመልስላቸውና ነገ ቢወራ፣ ሰው እምነቱን በማን ላይ ይጥላል? ይሄንን ካንቺ በላይ የሚያውቅ አለ?» ቃል ገብተህልኝ ነበር አልኩት። «በስልክ» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጮህኩበት፣ ውሉን ቀድጄ ፊቱ ላይ በተንኩት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። እኔንም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሦስቱም ገጽ ላይ ፈረምኩ።

ቤት ስደርስ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፣ ከውጭ ብርሃን አልጠፋም። አጎቴ መታጠቢያ ቤት ናቸው፣ ሲያንጎራጉሩ ይሰማል። ክፍሌ ገባሁና ደንግጬ ቆምኩ። የጨርቁ ከረጢቶች የሉም። አልጋዬ ተነጥፏል፣ ልብሶቼ በሙሉ ታጥፈው ሻንጣ ውስጥ ገብተዋል፣ ጫማዎቼ በፌስታል ተጠቅልለዋል። የአጎቴ ሚስት በሁለት እጇ ሆዷን ደግፋ በሩ ላይ መጣች። ያን ያህል ረጅም ዓረፍተ ነገር ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ድምፁ የሷ አልመሰለኝም።

«ቋሚ ሆነሻል አይደል? እንኳን ደስ አለሽ። አከራይሽ ጋ ዛሬውኑ ግቢ።»

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችውና በእርጋታ ነገረችኝ። የክፍሏንና የቋሚነቱን ነገር ሌሊት በስልክ ሳወራ በግድግዳው ሰምታለች። እሷም ግሩፑ ውስጥ አለች፤ «የኔ አበባ» የምትባለው እሷ ናት። ዛሬ ንጋት ላይ አጎቴ ሲጽፉ አጠገባቸው ተኝታ ነበር። ጥያቄያቸው ሥር «አድሚን ዘግታዋለች» የሚል መስመር ወጥቶ፣ እኔ እስካጠፋው ድረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቷል። እሷ በስልኳ፣ እኔ መታጠቢያ ቤት፣ እኩል እያየነው ነበር። እንቁላሉን ስበላ ታውቃለች። ኔትወርክ ነው ስል ታውቃለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት። «ሱቁ እኮ ነው!»

«ሱቁ ምን ይሆናል?» አለችኝ። «ወንድሜ ፋብሪካው ውስጥ ቦታ ይዞለታል፣ ጨርቅ ይቆርጣል። ዓመቱን ሙሉ ለምኜው ከዚያ ወንበር አልነሳ ብሎኛል። ልጄ ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ ይወለዳል፣ የምታስተኛው ክፍል የላትም እናቱ። ብነግረው ተቆጥቶ፣ አልቅሶ፣ ይቅር ይልሽ ነበር። አንቺም እዚሁ ትተኚ ነበር።» ሻንጣዬን በእግሯ ጫፍ ወደኔ ገፋ አደረገችው። «ዛሬ የሚገባ ገንዘብ እንደሌለም አውቃለሁ። እቆያለሁ ብሎ በድምፁ ለተናገረ ማን ይመልሳል? ሕፃን መሰልኩሽ?»

ልሰድባት ፈለግኩ፤ የምሰድብበት ቃል ሁሉ ለኔም ይሆናል። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና አጎቴ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ገቡ። ሁለታችንን አዩን፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን። ሻንጣውን ልብ እንኳ አላሉትም። «እናንተ!» አሉ። «እየተነጋገራችሁ ነው?» ፊታቸው ላይ የታየውን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ማዕድ ላይ አስቀምጠውን፣ አንዴ ለኔ አንዴ ለሷ እያጎረሱ፣ ቀልድ እየፈጠሩ፣ የሚጠብቁት ነገር ይሄ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ወንበር አላስፈለጋቸውም። «ዛሬ ምን ዓይነት ቀን ነው! ስለምን ነበር የምታወሩት?»

እሷ ወደኔ ዞራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ተማክረንበት የማናውቀውን ነገር ያን ጊዜ ተማከርን።

«ስለ ኪራዩ ነው» አለች እሷ። «ነገ ጠዋት ይገባል ብላኛለች።»

«ነገ ነው?» አሉ አጎቴ ወደኔ ዞረው። ዛሬ ማታ ብዬአቸው ነበርና ትንሽ ግር ብሏቸዋል። «ባንኩ ስለዘጋ ነው አጎቴ» አልኩ። እሷም «አዎ፣ ባንኩ ስለዘጋ ነው» አለች። ሁለታችን አንድ ቃል መናገራችን ከገንዘቡም በላይ አስደሰታቸው መሰለኝ። «እንግዲያውስ ለባለሕንፃው አሁኑኑ ልደውል፤ ያን ቀብድ ይዞ የቆመውን ሰው ያሰናብቱት» አሉና ስልካቸውን አወጡ። ደወሉ። ከባለሕንፃው ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ሳቁ፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሱቅ ይምጡና ይቀበሉ አሏቸው። ከወዲያ በኩል ምን እንደተባሉ አልሰማሁም፤ የተጠራጠሯቸው ይመስላል። አጎቴ ግን አልተናደዱም። ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑና ወደኔ ዘረጉልኝ። «እርግጠኛ ነዎት ወይ ይሉኛል ሰውዬው። እስቲ አንቺ ንገሪያቸው ልጄ፣ ያንቺን ድምፅ ሲሰሙ ያምናሉ።»

ስልኩን ተቀበልኳቸው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ «እንዴት አመሹ ጌታዬ» አልኩ።